ከፍቺ በኋላ ከልጆች ጋር መዛወር፦ እዚያው ሰፈር፣ ሌላ ከተማ ወይስ ሌላ አገር?

የልጄ የመጀመሪያ ጥርስ የወለቀው ማክሰኞ ነው። አባቷ ያኔ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ነበር የሚኖረው። በስልክ ልታሳየው ሞከረች፣ ምስሉ ደበዘዘ። "በቃ አርብ አሳየዋለሁ" ብላ ጥርሱን በወረቀት ጠቀለለችና እርሳስ መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። አርብ ማታ አባቷ መኪና ውስጥ ቦርሳዋን ብትበረብር እርሳስ መያዣው የለም። ትምህርት ቤት ረስታዋለች። የሚቀጥለው ተራ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። እስከዚያ አዲሱ ጥርስ ብቅ ማለት ጀመረ፣ የድሮው ወሬ ቀዘቀዘ።

ከፍቺው በኋላ ልጆቼን ይዤ ወደ ሌላ ከተማ ስዛወር ብዙ ነገር አነጻጽሬያለሁ። ኪራይ ከኪራይ፣ ደመወዝ ከደመወዝ፣ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት። ወረቀት ለሁለት ከፍዬ፣ ጥቅሙን በአንድ በኩል ጉዳቱን በሌላ በኩል እየጻፍኩ ነው የወሰንኩት። ማክሰኞ ግን በሁለቱም በኩል አልተጻፈም።

ስለዚህ እዚህ ሁሉንም አማራጭ የማየው በማክሰኞ መለኪያ ነው። ልጁ ሲያተኩሰው፣ ደብተር ሲረሳ፣ ከጓደኛው ተጣልቶ አኩርፎ ሲመጣ፣ በዚያ ተራ የሥራ ቀን ሌላኛው ወላጅ የት ነው? ይህ የሚሠራው ሁለቱም ወላጆች ለልጁ ደህና ሲሆኑ ነው። ድብደባ ወይም ማስፈራራት ካለ ነገሩ ሌላ ነው፣ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

ሌሊት መቁጠር ያታልላል

በጣም የተለመደውን ስምምነት እንውሰድ። ልጆቹ ከአንዱ ወላጅ ጋር ይኖራሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ የአርብንና የቅዳሜን ሌሊት ሌላኛው ጋ ያድራሉ። በዓመት 26 ጊዜ ሁለት ሌሊት፣ 52 ሌሊት ማለት ነው። አሁን አንዱ ወላጅ ልጆቹን ይዞ ሩቅ ተዛወረ እንበል። ልጆቹ ከዓመቱ ረጅም የትምህርት ዕረፍት ስድስቱን ሳምንት ከሌላኛው ጋር ያሳልፋሉ፣ 42 ሌሊት። በሁለት አጫጭር ዕረፍቶች ሰባት ሰባት ሌሊት ጨምሩበት። ድምሩ 56።

56 ከ52 ይበልጣል። "እንዲያውም ጨመረለት እኮ!" የሚል ሰው አይጠፋም። ለእኔም ተብሎልኛል፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ግን ክፍተቱን እዩት። በመጀመሪያው ስምምነት ልጁ ሌላኛውን ወላጅ ሳያይ የሚቆየው ቢበዛ 12 ቀን ነው። በሁለተኛው ሦስትና አራት ወር ይሆናል። ለአራት ዓመት ልጅ አራት ወር የኖረበት ዕድሜ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው።

የጊዜው ዓይነትም ይለወጣል። በዕረፍት ብቻ የሚገናኝ ወላጅ የቤት ሥራ አያስጠናም፣ "ጥርስህን ቦርሽ" ብሎ አይጨቃጨቅም። ሌላኛው ደግሞ ከጭቅጭቁ በቀር የሚደርሰው የለም። አንዱ መናፈሻ፣ አንዱ ፖሊስ ሆነው ያርፉታል።

እኔ አሁን አንድ አማራጭ ሲቀርብልኝ ሦስት ቁጥር እጽፋለሁ። በዓመት ስንት ሌሊት? ረጅሙ ክፍተት ስንት ቀን? ከሌሊቶቹ ውስጥ ስንቱ በማግስቱ ትምህርት ያለበት ነው? ሦስተኛውን የሚቆጥር ሰው ብዙም አላየሁም። ከመዛወራችን በፊት ልጆቼ በየሳምንቱ ረቡዕ አባታቸው ጋ ያድሩ ነበር። ስንዛወር ሦስተኛው ቁጥር ዜሮ ሆነ።

መጀመሪያ፣ ለምንድነው የምትሄዱት?

ምክንያቶች እኩል አይመዝኑም። የተፈረመ የሥራ ውል አንድ ነገር ነው፣ "እዚያ ሥራ አይጠፋም" ሌላ ነገር። ልጅ የሚይዝላችሁ እህት ወይም እናት እዚያ መኖር ትልቅ ነገር ነው፣ ግን መያዝ እንደሚችሉ በግልጽ ጠይቃችሁ ከሆነ ብቻ። አዲስ ፍቅር ያለበት ከተማ መሄድ ደግሞ... ሰው ይከፋዋል፣ ግን እላለሁ፦ መጀመሪያ እሱ ወይም እሷ ወደ እናንተ ይምጡ።

ከዚያ በአፍ የማይነገረው ምክንያት አለ። ፊቱን ላለማየት። እኔም ነበረኝ፣ አልዋሽም። በፍቺው ሰሞን የመኪናውን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይገላበጥ ነበር። ይህ ስሜት የሰው ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ችግሩ ስሜቱ ይበርዳል፣ ርቀቱ ግን አይበርድም። ዋናው ምክንያታችሁ ይህ ከሆነ ቤት ሳይሆን የመረካከቢያውን መንገድ ቀይሩ። ልጆቹን ጠዋት አንዳችሁ ትምህርት ቤት አድርሱ፣ ከሰዓት ሌላኛው ከዚያው ይውሰድ። ሳትተያዩ ወር ይሄዳል።

ምክንያቱን ፍርድ ቤትም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ዳኞች ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው፣ ወላጅ ልጅ ይዞ ወደ ሌላ አገር ልሂድ ሲል ምን ምን መታየት እንዳለበት ዘርዝረው ነበር። ለመሄድም ለመከልከልም አስቀድሞ ያደላ ሚዛን መኖር የለበትም አሉ። የመሄጃውና የመቃወሚያው ምክንያት ይታያል፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ነበረ ወይ የሚለው ይታያል፣ የልጁ አስተያየት እንደ ዕድሜው ይሰማል። ከዝርዝሩ እኔ የማደንቀው አንዱን ነው፦ ልጁ ሌላኛውን ወላጅ ያያል ተብሎ የተጻፈው ነገር እዚያ አገር በተግባር ሊፈጸም ይችላል ወይ? ወረቀት ሁሉን ይችላል እኮ።

እዚያው ሰፈር መቅረት

ማክሰኞን ሙሉ በሙሉ የሚያድነው ይህ ነው። ደብተር ከተረሳ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ልጁ ትምህርት ቤቱንም ጓደኞቹንም ይዞ ይቆያል፣ ከፍቺው ጋር ሌላ ለውጥ አይደራረብበትም።

ዋጋው ገንዘብ ነው። ትናንት አንድ ቤት ያስተዳድር የነበረ ገቢ ዛሬ ሁለት ቤት ሊይዝ ነው፣ ያውም እዚያው ኪራይ ውስጥ። አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ይጠባል። እኔን ብትጠይቁኝ ትንንሽ ልጅ ያለው ሰው ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ጠባብ ቤት ችሎ እዚያው ቢቆይ ይሻለዋል። ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ቢተኙ ምንም አይሆኑም።

ሌላው ዋጋ ዓይን ነው። አዲሷን ፍቅረኛ መንገድ ላይ ታገኟታላችሁ፣ ጎረቤት ሁሉ ጆሮ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ሰፈር ማለፍ ነው፣ አንድ ከተማ ማለፍ አይደለም።

ልጆቹ ድሮ ቤታቸው ቆይተው ወላጆቹ በየተራ እየገቡ የሚወጡበት ዘዴም አለ። ለልጅ ጥሩ ነው፣ ለትልቅ ሰው ግን ከባድ ነው። የአንዱን ያልታጠበ ዕቃ ሌላኛው ያገኘዋል። ቤቱ እስኪሸጥ ወይም የትምህርት ዓመቱ እስኪያልቅ ለጥቂት ወራት ያገለግላል፣ ከዚያ በላይ አልመክርም።

እስከ አንድ ሰዓት መንገድ ድረስ

ሰው የሚንቀው አማራጭ ይህ ነው። ወይ ቅርብ ነው ወይ ሩቅ ብለን ስለምናስብ መሃሉን እንዘልለዋለን። ሆኖም ኪራይ የሚቀንሰው፣ ሰው የሚተነፍሰው፣ ማክሰኞም የማይሞተው እዚህ ርቀት ላይ ነው።

ሁሉን የሚወስነው ግን ትምህርት ቤቱ በየት በኩል ነው የሚለው ነው። ከሌላኛው ወላጅ 45 ደቂቃ የሚርቁ ሁለት ቤቶች አይታችኋል እንበል። አንደኛው ትምህርት ቤቱን መሃል ያስገባል፦ ከእናንተ ሃያ ደቂቃ፣ ከእሱ ሃያ አምስት። ሁለቱም ቤት በትምህርት ቀን ሊታደርበት ይችላል። ሁለተኛው ቤት ትምህርት ቤቱን ከናንተ ቤት አጠገብ ያደርገዋል፣ ከእሱ ግን 45 ደቂቃ። ልጁ እዚያ ባደረ ቁጥር ጠዋት 45 ደቂቃ ይጓዛል። በሳምንት አንድ ቀን ይቻላል፣ ሦስት ቀን ከሆነ መኪና ውስጥ እየተኛ ነው የሚያድገው። በካርታ ላይ ሁለቱ ቤቶች እኩል ናቸው። በሕይወት ውስጥ አይደሉም።

መንገዱን ደግሞ በእሁድ ቀትር አትለኩት። በሥራ ቀን፣ ጠዋት፣ ልጅ ትምህርት ቤት በሚገባበት ሰዓት ራሳችሁ ሂዱበት። ሁለት ቀን ሂዱበት። የስልኩ ካርታ የሚያሳያችሁ ልጅ "ሽንት መጣብኝ" የማይልበትን መንገድ ነው።

ሌላ ከተማ

እኔ የገባሁበት ይህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላንዛዛበት።

በመጀመሪያ ጥቅሙ። እህቴ እዚያ ነበረች። ጉንፋን ጥሎኝ ሦስት ቀን ከአልጋ ሳልነሳ ልጆቹን ወስዳ፣ አብልታ፣ አስጠንታ፣ አልብሳ መለሰችልኝ። ይህንን ማቃለል አልፈልግም። የደከመች እናት ቤት ውስጥ ብትኖርም ማክሰኞ ላይ የለችም። ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ ሰው ድጋፍ ወዳለበት መሄዱ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ሒሳቡ። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። አርብ መሄጃ፣ እሁድ መመለሻ፣ ልጆቹ በእያንዳንዱ ተራ ስድስት ሰዓት መኪና ውስጥ ናቸው። አንዱ ወላጅ ብቻውን የሚያመላልስ ከሆነ እሱ 12 ሰዓት ይነዳል። ስለዚህ መሃል መገናኘት ፍትሐዊ ይመስላል፣ ለትልልቆቹ እውነትም ፍትሐዊ ነው፣ ለየራሳችን ስድስት ሰዓት። የእኛ መገናኛ ነዳጅ ማደያ ነበር። አርብ ማታ፣ የማደያው መብራት ቦግ ብሎ፣ እኔ የተኛች ልጅ ታቅፌ አንድ ጫማዋን በጣቴ አንጠልጥዬ፣ እሱ የመኪናውን በር ከፍቶ። "በልታለች?" "በልታለች።" ከዚህ በላይ አናወራም ነበር። የሳምንቱ ወሬ ሁሉ፣ የመምህሩ ማስታወሻ፣ የሳሉ ሽሮፕ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ፣ በዚያ መብራት ሥር በሁለት ደቂቃ ማለቅ ነበረበት። ግማሹን እረሳው ነበር።

ያላሰብኩት ነገር ልጆቹ የራሳቸውን ቅዳሜ ማግኘታቸው ነው። ልጄ 11 ዓመቱ ነበር፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ የእግር ኳስ ቡድን ገባ። ጨዋታው ቅዳሜ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አባቱ ጋ ስለሚሄድ ግማሹን ጨዋታ ያመልጠዋል። አሠልጣኙ ቀስ በቀስ ተቀያሪ አደረገው። ልጁ ማንን ይውቀስ? መጀመሪያ እኔን ወቀሰ፣ ቀጥሎ "አርብ አልሄድም" ማለት ጀመረ። አባቱ እኔ የመከርኩት መሰለው። ጠቡ እንደገና ተነሳ።

ይህን አማራጭ የምትመርጡ ከሆነ ጉዞውን ልጆቹ ላይ ብቻ አትጫኑት። አንዱን ተራ ልጆቹ ይሂዱ፣ ቀጣዩን ሌላኛው ወላጅ ይምጣ። የሚያድርበት ቦታ ወጪ አለው፣ ግን ጨዋታውን ያያል፣ የልጁን ጓደኞች በስም ያውቃል፣ ቢችል አርብ ከትምህርት ቤት ይወስዳል። ይህ ወጪ ከየት ይመጣል? መዛወሩ ኪራይ ወይም ደመወዝ ላይ ካተረፈላችሁ ከትርፉ ላይ። ከትርፉ ይህን ቀንሳችሁ ምንም ካልተረፈ መዛወሩ አላተረፈም ማለት ነው።

ስምምነቱንም አሳምራችሁ ጻፉ። የእኛ "አባት በየሁለት ሳምንቱ ልጆቹን ያያል" ነበር የሚለው። በቃ። የት? ማን ያመጣል? ነዳጅ የማን ነው? ልጅ ቢታመም ያ ተራ ይካካሳል? ማን ሲዘገይ ማን ስንት ሰዓት ይጠብቃል? በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምክንያት በ14 ወር ውስጥ የተለዋወጥነውን የስልክ መልእክት ቆጥሬው አላውቅም፣ ባልቆጥረው ይሻላል።

የእኔ ድንበር ዛሬ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ የሚለውን ትታችሁ በወር አንድ ረዘም ያለ ተራና ሰፋ ያሉ ዕረፍቶችን አስቡ። ሩቅ ሆኖ ቅርብ እንደሆነ ማስመሰል ሁሉንም ያደክማል።

ሌላ አገር

እዚህ ማክሰኞ የለም። የሚቀረው ዕረፍትና ስክሪን ነው። ቢሆንም ወደ ወገን የሚመለስ፣ ሥራ ያገኘ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ያበቃ ሰው አማራጭ ላይኖረው ይችላል። ከሌሎቹ የሚለየው ግን አንድ ነገር ነው፦ ከተማ ተሳስቶ የመረጠ ሰው ይመለሳል፣ ድንበር ተሳስቶ የተሻገረ ሰው ፍርድ ቤት ይቆማል።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1980 የተደረሰ የሄግ ስምምነት አለ። ከ100 በላይ አገሮች ገብተውበታል። ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ ልጅ፣ የማሳደግ መብት ያለው ሌላ ወላጅ ሳይፈቅድ፣ ዘወትር ከሚኖርበት አገር ከተወሰደ እንዲመለስ የሚያደርግ ነው። ለዕረፍት ፈቅዶላችሁ ሄዳችሁ አለመመለስም እንደ መውሰድ ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። "እዚያ ደርሼ እናወራበታለን" ይላል። አመልካቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ከጠየቀ መመለሱ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፣ ልጁን ለከባድ አደጋ የሚያጋልጥ እንደመሆን ያሉ ጠበብ ያሉ ማምለጫዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ዳኛው ማን የተሻለ ወላጅ ነው ብሎ አይመረምርም። ያንን የሚመረምረው ልጁ ዘወትር ይኖርበት የነበረው አገር ፍርድ ቤት ነው፣ ያኔ ደግሞ እናንተ ልጅ ይዞ የሄደ ሰው ሆናችሁ ነው የምትቀርቡት።

ስምምነቱ የሚሠራው በገቡበት አገሮች መካከል ብቻ ነው። የምትሄዱበት አገር ካልገባበት ሌላኛው ወላጅ የሚፈራው እውነተኛ ፍርሃት ነው፣ አትናቁት። ያንን ፍርሃት የሚያስታግስ ነገር ካላቀረባችሁ እሺ አይልም።

ምን ታቀርባላችሁ? አንደኛ፣ በጽሑፍ የሆነ ፈቃድ። በስልክ "ሂጂ በቃ" መባል በኋላ አይረጋገጥም። ሁለተኛ፣ ስምምነታችሁ በምትሄዱበት አገርም እንዲጸና ማድረግ። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የሄግ ስምምነት ልጅን የሚመለከት ውሳኔ በአባል አገሮች መካከል እንዲታወቅ ያደርጋል፣ ከመሄዳችሁ በፊት አስቀድሞ ዕውቅና መጠየቅም ይቻላል። ከሁለቱ አገሮች አንዱ እንኳ አባል ካልሆነ የሁለቱንም አገር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ተመሳሳይ ትእዛዝ እዚያም እንዲወጣ መንገዱን ይፈልግ። ሦስተኛ፣ የትኬት ገንዘብ። "ክፍያውን እንካፈላለን" ሳይሆን በዓመት ስንት ትኬት፣ ማን ይገዛል፣ ከጉዞው ስንት ወር በፊት።

ልጅ ብቻውን መብረርን በተመለከተ ብዙ አየር መንገዶች ከ5 ዓመት ጀምሮ በአስተናጋጅ ጥበቃ ይቀበላሉ፣ ለአገልግሎቱ ያስከፍላሉ። ለትንንሾቹ አውሮፕላን መቀየር ያለበትን ጉዞ የማይፈቅዱ አሉ። ስለዚህ ቀጥታ በረራ ያለበት ከተማ መምረጥ ለልጁ ከትልቅ ቤት ይበልጣል። የድንበር ሠራተኛም ከአንድ ወላጅ ጋር የሚጓዝ ልጅ ሲያይ የሌላኛውን የፈቃድ ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል፣ በሕግ የተረጋገጠ ቅጂ ከፓስፖርቱ አይለይ።

የሰዓት ልዩነቱንም አስሉት። ስምንት ሰዓት ልዩነት ካለ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ይቀራል። ትንንሽ ልጅ ደግሞ ስክሪን ላይ "ትምህርት እንዴት ነበር?" ተብሎ ሲጠየቅ "ጥሩ" ብሎ ይሮጣል። የሚሠራው አብሮ የሆነ ነገር ማድረግ ነው። አንድ ዓይነት የተረት መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ገዝታችሁ አንዱን ለሩቁ ወላጅ ላኩለት፣ እሱ እያነበበ ልጁ ገጽ ይግለጥ።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ በአሠሪ ወይም በአዲስ ትዳር ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ የልጁም በዚያው ላይ ተንጠልጥሏል። ሥራው ወይም ትዳሩ ቢቀር ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ይነቀላል። የራሳችሁ የሆነ ፈቃድ እስክታገኙ መጠበቅ ከቻላችሁ ጠብቁ።

ሌሎች፣ ባጭሩ

ልጆቹ እዚያው ይቅሩና እኔ ብቻዬን ልሂድ የሚል ሰው እናት ከሆነች አገር ምድሩ ይፈርድባታል። አባት ሲያደርገው ግን "ሥራ ሄደ" ነው። አንዳንዴ ለልጅ የሚበጀው እሱ ነው፣ በተለይ ልጁ ጎረምሳ ሆኖ ጓደኞቹን ትቶ መሄድ ካልፈለገ። ዓመት መጠበቅም አማራጭ ነው። በትምህርት ዓመት መሃል ከመዛወር ማለቂያውን መጠበቅ ሁልጊዜ ይሻላል፣ ቤቱን እስከዚያ ማቆየት ከቻላችሁ። ሁለቱም ወላጆች ወደ አንድ አዲስ ከተማ መዛወራቸው የማይመስል ነገር ይመስላል፣ ግን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሥራው የሚፈቅድለት ሰው አለ።

ዕድሜን በተመለከተ፣ ጨቅላ ልጅ አጭርና ቶሎ ቶሎ መገናኘት ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ርቀት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እሱን ነው። ጎረምሳ ረጅም ክፍተት ይችላል፣ ነገር ግን ጓደኞቹን ነጥቃችሁት በሰላም አትኖሩም።

መስማማት ወይስ ፍርድ ቤት?

ከሁሉ በፊት ጠበቃ አናግሩ፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን። ሕጉ ከአገር አገር ብዙ ይለያያል። ለምሳሌ በካናዳ ከመጋቢት 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው የፍቺ ሕግ ልጅ ይዞ ለመዛወር የ60 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ይጠይቃል፣ ሌላኛው በ30 ቀን ውስጥ ይቃወማል። ልጁ ጊዜውን በሁለቱ ቤት እኩል የሚያሳልፍ ከሆነ መዛወሩ ለልጁ እንደሚበጅ ማስረዳት ያለበት የሚሄደው ነው። ከሞላ ጎደል ጊዜውን ሁሉ ከሚሄደው ጋር የሚያሳልፍ ከሆነ ደግሞ እንደማይበጅ ማስረዳት የተቃዋሚው ሸክም ነው። በእንግሊዝ ልጁ አብሮት እንዲኖር ትእዛዝ የተሰጠው ወላጅ ያለ ሌላኛው ፈቃድ ከአገር ሊያወጣው የሚችለው ከአንድ ወር ላነሰ ጊዜ ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ የመጀመሪያውን ውሳኔ የሰጠው ግዛት ፍርድ ቤት፣ አንዱ ወላጅ እዚያ እስከኖረ ድረስ፣ ጉዳዩን እንደያዘ ይቆያል። እናንተ ሌላ ግዛት ብትሄዱም ክርክሩ እዚያው ነው።

ሽምግልና ከፍርድ ቤት ይረክሳል፣ ይፈጥናልም። ሌላኛውን ወላጅ ስትቀርቡት ግን "ልሄድ ነው" ብላችሁ አትጀምሩ። ትኬቱን ቆርጦ ምክር የሚጠይቅ ሰው ማንንም ያናድዳል። ሦስቱን ቁጥሮች ለእያንዳንዱ አማራጭ ጽፋችሁ ወረቀቱን ስጡት፣ ሳምንት ያስብበት።

ልጁንም አዳምጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ የመሰማት መብት ይሰጠዋል፣ ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር ጥቅሙን እስካልጎዳ ድረስ በየጊዜው የመገናኘት መብትም እንዲሁ። መስማት ግን ማስመረጥ አይደለም። "ከማን ጋር መኖር ትፈልጋለህ?" ብሎ ልጅ መጠየቅ ጭካኔ ነው። "ብንሄድ ከሁሉም በላይ የሚናፍቅህ ምንድነው?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ያስገርማችኋል።

ጥቃት ካለ

ያኔ መለኪያው ደህንነት ነው፣ ማክሰኞ ይቆይ። አድራሻ አይነገርም፣ ወረቀት አይሰጥም፣ ሽምግልናም አደገኛ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ዝም ብሎ ድንበር መሻገር ከድጡ ወደ ማጡ ሊያደርሳችሁ ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት፣ ካልሆነም በወጣችሁ ማግስት፣ የመከላከያ ትእዛዝ ጠይቁ፣ የሐኪም ወረቀትና የፖሊስ ማመልከቻ ቅጂ ከሰነዶቻችሁ ጋር ይሁን። በአገር ውስጥ ወዳለ መጠለያ ወይም ሌላ ከተማ መሄድ በሕግ ዓይን ከአገር መውጣትን ያህል አያጋልጥም።

እኛስ?

ውላችን ላይ ከነበሩት ጥቂት ጥሩ ነገሮች አንዱ "በየስድስት ወሩ እንገመግማለን" የሚለው ነበር። ሁለተኛው ግምገማ ላይ አባታቸው ሳይቆጣ "ረቡዕን መልሽልኝ" አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ከዚያ ሁለት ወር ቆይተን ተመለስን። ድሮ ሰፈራችን አይደለም፣ ከእሱ 45 ደቂቃ፣ ትምህርት ቤቱ መሃል ላይ። ኪራዩ ካሰብኩት በላይ ነው። ደመወዜ ቀንሷል። እህቴን በስልክ ነው የማገኛት፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ደግሞ እንዳመመኝ ተነስቼ ምሳ ዕቃ እቋጥራለሁ። ረቡዕ ማታ ግን ቤቱ ባዶ ነው፣ ልጆቹ አባታቸው ጋ ናቸው።

ትንሿ ቶሎ ለመደችው። ትልቁ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ትምህርት ቤት ቀያይሯል፣ ሲናደድብኝ እስካሁን በጣቱ ይቆጥርልኛል።